ፒስታው ያስተማረኝ

የምኖረው ቤቴል ነው። ማለዳ ብስክሌቴን ይዤ ከግቢ ስወጣ በስተምዕራብ የወጨጫ ተራራ ይታየኛል፤ በበጋ ጥርት ብሎ፣ በክረምት ግማሽ አካሉን ጉም ውጦት። ላለፉት ሰባት ዓመታት አብዛኛውን ቅዳሜዬን ያሳለፍኩት ወደዚያ አቅጣጫ ስነዳ ነው።

ብስክሌት የጀመርኩት ለጤናዬ ነበር። ሐኪሜ ስኳሬ ከፍ ማለቱን ሲነግረኝ ያገለገለ ብስክሌት ገዛሁና ከጦር ኃይሎች እስከ አየር ጤና ባለው አስፋልት ላይ ሁለት ወር ነዳሁ። በሁለቱ ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ የሚኒባስ መስታወት ክንዴን ነካኝ። በሦስተኛው ጊዜ ቤት ገብቼ ብስክሌቱን ግድግዳ አስደገፍኩና፣ ወይ እሸጠዋለሁ ወይ መኪና የማይበዛበት መንገድ እፈልጋለሁ ብዬ ወሰንኩ። ፈለግሁ፣ አገኘሁ። ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን፣ አሁን ለሚጀምሩ ይጠቅማል ብዬ እጽፋለሁ።

አንድ፤ መንገዱን ከሯጮች ተማሩ

በውጭ አገር ለጠጠርና ለአፈር መንገድ ተብሎ የሚሠራ «ግራቭል» የሚባል ብስክሌት አለ። መሪው እንደ ውድድር ብስክሌት ወደ ታች የተቆለመመ ሲሆን ጎማው ግን ሰፊ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ38 እስከ 50 ሚሊ ሜትር። የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮናው እ.ኤ.አ. በ2022 ጣሊያን ውስጥ ተካሂዷል። ኬንያ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በማሳይ ማራ አካባቢ ቀናት የሚፈጅ የግራቭል ውድድር ይካሄዳል።

እኛ ዘንድ መንገዱ ድሮም አለ። ከጣሊያንኛ በወሰድነው ቃል ፒስታ እንለዋለን፤ ሯጮቻችን ኮረኮንች ይሉታል። ሰበታ መንገድ ላይ የተዋወቅሁት አንድ ወጣት ሯጭ እንዳስረዳኝ፣ የሳምንት ልምምዳቸውን የሚከፋፍሉት በሚረግጡት መሬት ነው፤ ጫካ፣ ኮረኮንች፣ አስፋልት። ጫካው እግር ያሳርፋል፤ ኮረኮንቹ ጉልበት ይሠራል፤ አስፋልቱ ለፍጥነት ነው፣ ግን እግር ስለሚጎዳ በልክ ነው። ጫካ ውስጥ ሲሮጡ ደግሞ ተከታትለው በአንድ መስመር ነው፤ የኋላው የፊተኛውን እግር እያየ ይረግጣል፣ ድንጋይ ወይም ጉድጓድ ሲኖር የፊተኛው በእጁ ያመለክታል። ከጓደኞቼ ጋር ስንወጣ እኛም እንዲሁ እናደርጋለን። ከአንድም መጽሐፍ ያላገኘሁት ትምህርት ነው።

ግራቭል ብስክሌት የለኝም። ያለኝ ያገለገለ የተራራ ብስክሌት ነው፤ ጥርሱ የበዛውን ጎማ አውልቄ ለስለስ ያለ ጎማ አስገብቼበታለሁ። ለወጨጫ ግርጌ ከበቂ በላይ ነው። ብስክሌት ለኛ አገር ሰው አይሆንም የሚለኝ ሰው ሲያጋጥመኝ ገረመው ደንቦባን አስታውሰዋለሁ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ የሄደችው በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ነው፤ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ነበሩ፣ ገረመው አንዱ ነው። የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል።

ሁለት፤ አስፋልቱን በሚኒባስ እለፉት

ጥሩው ፒስታ የሚጀምረው ከተማው ሲያልቅ ነው። ከቤቴል በአየር ጤና፣ በወለቴና በዓለም ገና አድርጎ ሰበታ የሚያደርሰው የጅማ መንገድ ግን ሲኖትራክ የሚመላለስበት ነው። መጀመሪያ ላይ ከቤቴ በር እስከ ፒስታው በጉልበቴ ካልሄድኩ የሄድኩ አይመስለኝም ነበር። አሁን ብስክሌቴን ፖርቶ መጋላ ላይ አስጭኜ ሰበታ ድረስ በሚኒባስ እሄዳለሁ። ለብስክሌቱ የሰው ያህል ይከፈላል፤ ረዳቱን ከመጫኑ በፊት ተነጋገሩት። ሰንሰለቱ ያለበትን ጎን ወደ ላይ አድርጉ፤ ወደ ታች ከተኛ የማርሽ መቀየሪያው ይጣመማል። ሁለት ጊዜ ተጣሞብኛል።

ሦስት፤ አፈሩን ለዩት

ከሁሉም በላይ ጊዜ የወሰደብኝ ትምህርት ይህ ነው። ከመንገዱ ርዝመት ይልቅ የአፈሩ ዓይነት ነው ቀናችሁን የሚወስነው። በተራራው ወገብ ላይ ያለው ብዙውን ጊዜ ቀይ አፈር ነው። ዝናብ ሲነካው ሳሙና ይሆናል፣ ግን ውኃው ቶሎ ይወርድለታል፤ ሁለት ቀን ፀሐይ ካገኘ ይነዳበታል። ሜዳው ላይ ያለው ዋልካ ሌላ ነገር ነው። በሐምሌ አንድ ቀን ከሰበታ ወዲያ ባለው ሜዳ አቋርጬ ልመለስ ብዬ ገባሁበት። መቶ ሜትር ሳልሄድ ጭቃው በጎማውና በፍሬኑ መሐል ሞልቶ መንኮራኩሩ መዞር አቆመ። በእንጨት ጠርጌ ሃያ እርምጃ ስገፋ ተመልሶ ሞላ። በመጨረሻ ብስክሌቱን ትከሻዬ ላይ አድርጌ፣ በየእርምጃው ጫማዬን ከጭቃው እየነቀልኩ አስፋልት እስካገኝ አንድ ሰዓት ተኩል ሄድኩ። አንድ አርሶ አደር ከማዶ ቆመው አይተውኝ ኖሮ ሲደርሱብኝ፣ «በዚህ ወር በዚህ መንገድ በቅሎም አትሄድ» አሉኝ።

በበጋ ደግሞ ይኸው ዋልካ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ በመንገዱ አግድም ከሆነ ያንገጫግጫችኋል እንጂ አይጥልም። በመንገዱ ርዝመት ከሆነ ግን የፊት ጎማችሁን ይውጠዋል፤ መሪው ይያዛል፣ እናንተ ከፊት ትወርዳላችሁ። ጥርና የካቲት ላይ ዋልካ ሲያጋጥመኝ ፍጥነቴን ቀንሼ ከብቶች በረገጡት መስመር እሄዳለሁ። የከብት ኮቴ ስንጥቁን ይደፍነዋል።

የእኔ ወቅት ከመስቀል በኋላ ይጀምራል። ጥቅምት ሲጋመስ መንገዱ ይደርቃል፣ ሣሩ ግን ገና አረንጓዴ ነው፣ አቧራም የለም።

አራት፤ ጎማውን በአውራ ጣታችሁ ፈትኑ

ጎሚስታው የለመደው የመኪና ጎማ ስለሆነ የብስክሌቱንም እስኪደነድን ይነፋዋል። ደንዳና ጎማ ፒስታ ላይ እንደ ኳስ ይነጥራል፤ ዳገት ላይ ደግሞ ጠጠሩን አይጨብጥም። እኔ ሰባ ኪሎ ነኝ፤ ለሰፊ ጎማዬ ወደ 40 ፒኤስአይ ይበቃኛል። መለኪያ ከሌላችሁ በአውራ ጣት ስትጫኑት ትንሽ ገባ ይበል።

እሾህ የማይቀር ነው። የአጋምና የቀጋ አጥር በቆረጡ ሰሞን መንገዱ ሁሉ እሾህ ነው። ከመነዳሪውን ከመቀየራችሁ በፊት የጎማውን ውስጥ ዙሪያውን በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ዳብሱት። የወጋው እሾህ እዚያው ተሰክቶ ይቀራል፤ ሳታወጡት አዲስ ከመነዳሪ ብታስገቡ አምስት ደቂቃ አይቆይም። ሁለት ትርፍ ከመነዳሪ፣ ቁራጭ ጎማ ከነማስቲሹና መንፊያ ሳልይዝ አልወጣም። ጫካ ውስጥ ጎሚስታ የለም።

አምስት፤ መኪና የሌለበት መንገድ ባዶ መንገድ አይደለም

ይህን በጣም ዘግይቼ ነው የተረዳሁት፤ ዋጋም አስከፍሎኛል።

ከአምስት ዓመት በፊት፣ በኅዳር፣ እንጦጦ ወጥቼ ነበር። ከቤቴል በአሥራ ስምንት ማዞሪያ በኩል ወጥቼ፣ ከላይ ጫካ ለጫካ ነድቼ፣ ወደ ሽሮ ሜዳ በሚወርደው ቀጭን መንገድ እየተመለስኩ ነው። መኪና የለም፣ ድምፅ የለም፤ መንገዱ የኔ መስሎኝ ለቀቅሁት። የባሕር ዛፍ ቅጠል መንገዱን ሸፍኖታል። ከቅጠሉ ሥር ደግሞ ፍሬው አለ፤ የኮት ቁልፍ የምታህል፣ ጠርዝ ጠርዝ ያላት ደረቅ ፍሬ። በእግር ሲረግጧትም ታንሸራትታለች፤ ጎማ ሥር ስትገባ ግን እንደ ኩሽኔታ ትሽከረከራለች።

መታጠፊያውን ስዞር አንዲት እናት ከፊቴ ናቸው። ጀርባቸው ላይ ያለው የቅርንጫፍና የቅጠል ሸክም በአግድም የታሰረ ስለሆነ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ይዞታል። አጎንብሰው ስለሚሄዱ የሚታያቸው እግራቸው ሥር ያለው መሬት ብቻ ነው። ዞር በሉ ብላቸው አይችሉም፤ ሸክሙ ይጥላቸዋል። ፍሬን ያዝኩ፤ የኋላ ጎማዬ ሸሸ። ብስክሌቱን ወደ ቦዩ አዞርኩና በግራ እጄ ላይ ወደቅሁ። አንጓዬ ሲሰበር ድምፁን ሰማሁት።

እሳቸው ሸክማቸውን መሬት አወረዱ። እንጨት የተሸከመ ሰው መንገድ ላይ ማረፍ ሲፈልግ ድንጋይ ወይም ጉብታ ፈልጎ ሸክሙን ያስደግፋል እንጂ መሬት አያወርደውም። አንዴ ከወረደ የሚያሸክም ሌላ ሰው ያስፈልጋል። እሳቸው ይህን እያወቁ አወረዱት። የታጠቁትን ነጠላ ፈትተው እጄን ከአንገቴ ጋር አሰሩልኝ።

«አይዞህ የኔ ልጅ። እግዜር አተረፈህ።»

«እማማ፣ እርስዎን አልነካሁዎትም?»

«እኔን ተወኝ። ተቀመጥ፣ ፊትህ ነጥቷል።»

ተቀመጥኩ። ከዚያ ሊሄዱ ሲነሡ ማሸከም እንደማልችል ሁለታችንም ገባን። በአንድ እጄ ሞከርኩ፤ ሸክሙን ከመሬት እንኳ አላነቃነቅሁትም። ሌላ ሰው እስኪያልፍ አንድ ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ግማሽ ሰዓት ያህል ጠበቅን። ሌሊት አሥር ሰዓት ከቤታቸው እንደሚወጡ፣ የመጀመሪያዎቹ ሸክሞች ገበያ ከገቡ በኋላ የሚደርስ ሰው ዋጋ እንደሚሰበርበት ያኔ ነገሩኝ። በቁጣ አይደለም የነገሩኝ፤ ጨዋታ ነው። በመጨረሻ አንድ ጎረምሳ መጣና አሸከማቸው። ለዕለቱ ኪሳራቸው ኪሴ ውስጥ ያለውን ስሰጣቸው በግድ ነው የተቀበሉኝ።

ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ መጨረሻ ሲመጣ፣ የአዲስ አበባን የማገዶ ችግር ያቃልላል ተብሎ ነው። ከዚያ ጀምሮ ያንን ጫካ ወደ ከተማው ምድጃ ያወረደው በአብዛኛው የሴቶች ጀርባ ነው። በየቁልቁለቱ ያለው ቀጭን መንገድ፣ እኛ ለመዝናኛ የምንነዳበት፣ በእነሱ እግር የተሠራ ነው። እንጦጦ ፓርክ መስከረም 2013 ዓ.ም. ሲከፈት ለብስክሌትና ለእግር የተሠሩ መንገዶች አብረው መጥተዋል፤ መልካም ነው፣ እዚያም እነዳለሁ። ከፓርኩ ውጭ ባለው ጫካ ውስጥ ግን እኔ እንግዳ ነኝ።

እንግዳ ደግሞ ሊጠነቀቅ ይገባል። ጅቡ ገና ሳይገባ አትውጡ፤ ከንጋቱ 12 ሰዓት በፊት መንገድ ላይ አትገኙ። ደወል ግዙ። መሪው ላይ የምትታሰረው ተራ ደወል ከፍሬን እኩል ታስፈልጋለች፤ ከመታጠፊያ በፊት ሁለት ጊዜ አሰማታለሁ። ሸክም ያለው ሰው ሲመጣ ወርጄ ብስክሌቴን ከመንገዱ አውጥቼ እቆማለሁ፤ ሸክሙ ገጭቶኝ ተሸካሚው እንዳይናጋ። አህያ ሲመጣም እንዲሁ፤ አህያ መንገዷን አትለቅም፣ ልክም ናት።

ስድስት፤ ሱባ ስትገቡ ቀስ በሉ

ከሰበታ ወደ ሰሜን የሚገነጠለው ፒስታ በጤፍና በስንዴ ማሳ መሐል፣ ኮረብታ እየወጣ እየወረደ፣ ሱባ መናገሻ ደን ያደርሳል። ከምነዳባቸው ሁሉ የምወደው እሱን ነው። ደኑን የሚያስተዳድረው የኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ድርጅት ነው፤ በር ላይ ከፍላችሁ ትገባላችሁ።

በቃል የሚወርደው ታሪክ፣ በአሥራ አምስተኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የጽድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው እዚህ አስተከሉ ይላል። ወፍ ዋሻ ሰሜን ሸዋ፣ ከአንኮበር አጠገብ ያለው ደን ነው። ስድስት መቶ ዓመት ሊሞላ ትንሽ የቀረው አደራ ማለት ነው። ከባሕር ዛፍ ጫካ ወጥቶ እዚህ የገባ ሰው ልዩነቱን መጀመሪያ የሚያውቀው በአፍንጫው ነው። ባሕር ዛፉ እንደ መድኃኒት ይሸታል፣ መሬቱም ደረቅ ነው። ጽዱ ሥር ግን አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ አፈሩ ጥቁርና እርጥብ፣ እርሳስ ሲቀርጹ የሚወጣውን ሽታ የመሰለ ሽታ አለው። ጽዱ፣ ዝግባው፣ ወይራው፣ ከፍ ሲል ኮሶው፣ ከዚያም በላይ አስታው ይከተላል። ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ሲዘል ነጭ ጭራው ከኋላው ይከተለዋል። የምኒልክ ድኩላ ደግሞ ቀስ ብሎ ለመጣ ሰው ብቻ ነው የሚታየው፤ በሰባት ዓመት አራት ጊዜ አይቻለሁ፣ አራቱንም ብስክሌቱን እየገፋሁ ሳለሁ ነው።

ስለዚህ ደኑ ውስጥ የምነዳው መኪና በሚሄድበት ፒስታ ላይ ብቻ ነው፤ በእግር መንገዶቹ ላይ እገፋለሁ። የብስክሌት ጎማ እርጥብ አፈር ላይ የሚተወው ቦይ በሚቀጥለው ዝናብ የውኃ መውረጃ ይሆናል። አንድ ክረምት አንድን ተረተር ሲቦረቡር በዓይኔ አይቻለሁ።

ዳገቱ ይከብዳል። ቤቴል ራሱ ወደ 2400 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል ያንሳል፣ ሱባ ስትወጡ ደግሞ ይብስበታል። ከውጭ አገር ለሚመጡ ዘመዶቻችሁ ቢያንስ አራትና አምስት ቀን ሳያርፉ አታውጧቸው።

ሰባት፤ ሰላምታ ቀድማችሁ ስጡ

ከዓለም ገና ወዲያ አፋን ኦሮሞ ነው። ማለዳ «አካም ቡልተን»፣ ስትለዩ «ገለቶማ»። ጥቂት ቃላት ናቸው፤ ግን ፊቱን ቋጥሮ የሚያያችሁን ሰው ፈገግ ያሰኛሉ። ሰላምታ ከተለዋወጣችሁ በኋላ ወደፊት ያለው መንገድ ሰላም መሆኑን ጠይቁ። የመንደሩ ሰው «ዛሬ ይቅርብህ» ካለኝ አልከራከርም፤ እዞራለሁ። በነዚህ ዓመታት ሦስት ጊዜ ከመንገድ ተመልሻለሁ፤ አንዱም አልቆጨኝም።

ውሻ ሲያሳድዳችሁ አትሩጡ። ውረዱ፣ ብስክሌቱን በእናንተና በውሻው መሐል አድርጋችሁ ቁሙ፣ እረኛውን ጥሩ። ልጆች ከኋላ እየሮጡ ሲገፏችሁ ደግሞ ቁልቁለት ላይ ከሆነ ወዲያው ቁሙ፤ የልጅ ጣት በመንኮራኩር ሽቦ መሐል ከገባ ይቆረጣል።

ስምንት፤ በሶ

በሶ በውኃ በጥብጦ በኮዳ መያዝ። ሌላ ምግብ ሁሉ ሞክሬያለሁ፤ በሶን የሚተካ አላገኘሁም። ትንሽ ጨው ጨምሩበት።

ዘጠኝ፤ መንገዱ እያለቀ ነው

ሰባት ዓመት ትንሽ ጊዜ ነው፤ ግን ስጀምር እነዳባቸው ከነበሩት መንገዶች ግማሾቹ ዛሬ የሉም። ከአንፎ ወዲያ የባቄላ ማሳ የነበረው ዛሬ የብሎኬት አጥር ነው። ቡራዩ፣ ሰበታና ሌሎች የአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃልለዋል፤ ከተማ ሲሆን መንገዱ አስፋልት ይሆናል፣ አስፋልት ሲሆን መኪናው ይመጣል። ለነዋሪው አስፋልት ትልቅ ነገር ነው፤ ነፍሰ ጡር ሴት በዚያ ዋልካ ላይ በቃሬዛ ስትወሰድ አይቻለሁና ለኔ መዝናኛ ሲባል ፒስታው ይቆይ አልልም።

የምለው ሌላ ነው። በአዲስ አበባ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላዩ በእግር ነው። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» ጎዳናዎችን ለጥቂት ሰዓት ከመኪና ነፃ ሲያደርግ ሕዝቡ እንዴት እንደሞላቸው አይተናል። ዛሬ የኮሪደር ሥራው ብስክሌት መንገድ እየጨመረ ነው፤ ይበል የሚያሰኝ ነው። ከገፈርሳ በኩል መጥቶ በከተማችን ምዕራብ የሚያልፈው ትንሹ አቃቂ ወንዝ ግን በዳርና ዳሩ ዛሬም የእግር መንገድ አለው። ልጆች ትምህርት ቤት ይሄዱበታል፣ እናቶች ገበያ ይሄዱበታል። ለወንዙ ዳርቻ ፕላን የምታወጡ ባለሙያዎች፣ ያንን የአፈር መንገድ ከመዝጋታችሁ በፊት አንድ ማለዳ በእግራችሁ ሂዱበት። የሚሄድበትን ሰው ቁጠሩ። ከዚያ ሦስት ሜትር ስፋት ተዉለት፤ በአፈሩ፣ ከዛፉ ጋር።

ብስክሌት ይዛችሁ ወደዚህ የምትመጡ ደግሞ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። እንጦጦ ላይ እንጨቱ በብዛት የሚወርደው ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ነው። በነዚያ ሁለት ሰዓታት ከላይ ሆናችሁ እረፉ፣ በሶአችሁን ጠጡ፣ ቁልቁለቱን ለእናቶቹ ልቀቁላቸው።